መስተዋት፣ መስኮትና በር
ለወጣቶች የተጻፉ ልብ ወለዶች በመማሪያ ክፍል ውስጥ



ወላጆች ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሲልኩ ፊደልና ቁጥር እንዲማር ብቻ አይደለም፤ ከእኩዮቹም መካከል የራሱ ስፍራ እንዲኖረው ተስፋ ያደርጋሉ። ዳሩ ግን አርባና ሃምሳ ልጆች በአንድ ክፍል ስለተቀመጡ ብቻ አንድ ማኅበር ሆነዋል ማለት አይደለም። አንዱ በአነጋገሩ ይሳቅበታል፤ ሌላው ከሩቅ ተፈናቅሎ የመጣ በመሆኑ በእረፍት ሰዓት ብቻውን ይቆማል፤ ሌላዪቱ ልብስዋ ያረጀ በመሆኑ ከጨዋታ ትገለላለች። ስማቸው በመዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ በክፍሉ ውስጥ ግን ባይተዋሮች ናቸው።

ይህን ባይተዋርነት ለማስወገድ መምህራን ምክር ይሰጣሉ፤ ደንብ ያወጣሉ፤ ጥፋተኛውንም ይቀጣሉ። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት የፈለግነው ሌላ መንገድ ነው፤ ይኸውም በወጣትነት ዕድሜ ላሉ ተማሪዎች ታስበው የተጻፉ፣ በዘር፣ በቋንቋ፣ በኑሮ ደረጃና በአካል ሁኔታ የተለያዩ ልጆችን ታሪክ የሚተርኩ ልብ ወለዶችን በክፍል ውስጥ አብሮ ማንበብ ነው። የምንደርስበትን አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ የእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ትልቁ ጥቅም በክፍሉ ውስጥ ያለውን ባይተዋር ልጅ ሳያጋልጡ ስለ ባይተዋርነት በግልጽ ለመነጋገር ማስቻሉ ነው። መምህሩ ይህን ከዘነጋ ግን ያው መጽሐፍ ልጁን ይበልጥ ሊያቆስለው ይችላል።

1. ሐሳቡ ከወዴት መጣ?

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የተጻፈው በአሜሪካ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በ1965 የንባብ ትምህርት ባለሙያ የነበሩት ናንሲ ላሪክ ሳተርዴይ ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ከ63 አሳታሚዎች ባገኙት መልስ መሠረት፣ ከ1962 እስከ 1964 ከታተሙት 5,206 የልጆች መጻሕፍት መካከል ቢያንስ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ የሚገኝባቸው 349 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 6.7 ያህል ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። በማዲሰን ከተማ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የልጆች መጻሕፍት ማእከል በ1985 ባደረገው ቆጠራ፣ በዚያ ዓመት ከታተሙት 2,500 ያህል መጻሕፍት ጥቁር አሜሪካውያን የጻፏቸው ወይም ሥዕል የሣሉባቸው 18 ብቻ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ እነዚህን ቁጥሮች በአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ተማሪ ዓይን እንያቸው። ይህች ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ እስከ መጨረሻው ስታነብ እንደ እርስዋ ያለ ሰው በመጽሐፍ ውስጥ ሳታገኝ ልታድግ ትችላለች ማለት ነው። ማንም «አንቺ ከዚህ አይደለሽም» አላላትም፤ መደርደሪያው ግን ይህንኑ ነገራት።

በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህርት የነበሩት ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ይህን ሁኔታ በሦስት ምሳሌዎች አስረዱ። መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ መስኮት ነው፤ አንባቢው በእርሱ አሻግሮ የሌላውን ሰው ዓለም ያያል። አንዳንድ ጊዜ ተንሸራታች የመስተዋት በር ነው፤ አንባቢው በሐሳቡ ከፍቶት ወደዚያ ዓለም ይገባል። ብርሃኑ ሲያዘነብል ደግሞ መስኮቱ ራሱ መስተዋት ይሆናል፤ አንባቢው የራሱን ሕይወት በውስጡ ያያል። ራሳቸውን በመጽሐፍ የማያገኙ ልጆች፣ ወይም የሚያገኙት ምስል የተዛባና የሚያሳፍር የሆነባቸው ልጆች፣ በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ዘንድ ምን ያህል እንደሚገመቱ ከዚያው ይማራሉ።

ቢሾፕ በዚህ አላበቁም። ዘወትር ራሳቸውን ብቻ የሚያዩ ልጆችም ይጎዳሉ ሲሉ አስጠነቀቁ። መስተዋት ብቻ ያለበት ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ዓለም ሁሉ እርሱን የሚመስል፣ እርሱም የዓለም መካከለኛ የሆነ ይመስለዋል። ስለሆነም ልዩ ልዩ መጻሕፍትን ወደ ክፍል ማምጣት ለጥቂቶች የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን ለክፍሉ በሙሉ የሚያስፈልግ ትምህርት ነው።

2. አንድ ምሳሌ፦ የዓለም ኬሎ ታሪክ

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በአንድ መጽሐፍ እንመልከተው፤ ያውም የእኛኑ አገር ጉዳይ በሚነካ መጽሐፍ። ቤንጃሚን ዘፋንያ በ1958 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ከካሪቢያን ደሴቶች ከመጡ ወላጆች የተወለዱ ባለቅኔ ነበሩ። ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ስለነበረባቸው፣ በጊዜውም ችግሩን የተረዳላቸው ስላልነበረ፣ በ13 ዓመታቸው በቅጡ ማንበብ ሳይችሉ ከትምህርት ቤት ወጡ። ይሁንና በ2023 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ አያሌ ግጥሞችንና ለወጣቶች የሚሆኑ ልብ ወለዶችን ጽፈዋል። ከእነዚህም አንዱ በ2001 የታተመው «ሪፊውጂ ቦይ»፣ በአማርኛ «ስደተኛው ልጅ» ልንለው የምንችለው መጽሐፍ ነው።

የታሪኩ ባለቤት ዓለም ኬሎ የ14 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ሁለቱ አገሮች በጦርነት ላይ ሳሉ አባቱ ለአጭር ጉብኝት ብሎ ወደ እንግሊዝ ይወስደዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ በሆቴል ውስጥ ሲነቃ አባቱ የለም፤ የተወለት ደብዳቤ ብቻ ነው። ወላጆቹ ሰላም እስኪወርድ ድረስ ልጃቸውን ከአደጋ ለማራቅ ሲሉ እንዲህ ማድረጋቸውን ከደብዳቤው ይረዳል። ከዚያም የልጆች ማሳደጊያ፣ አሳዳጊ ቤተሰብ፣ አዲስ ትምህርት ቤት፣ የጥገኝነት ጥያቄው የሚታይበት ችሎት ይከተላሉ። ከአገር እንዳይባረር የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ተሰባስበው ይቆሙለታል። ደራሲው ግን ታሪኩን በደስታ ብቻ አልዘጉትም፤ ዓለም እናቱንም አባቱንም ያጣል።

በተለይ የመጽሐፉ አጀማመር ልብ ሊባል ይገባዋል። ደራሲው ሁለት ሌሊቶችን በተመሳሳይ ቃላት ይተርካሉ። በመጀመሪያ በኢትዮጵያ ወታደሮች በሩን ሰብረው ገብተው ቤተሰቡን በሚስቲቱ ትውልድ ምክንያት አገር እንዲለቅ ያስፈራሩታል። ቀጥሎ በኤርትራ ሌሎች ወታደሮች በባልየው ትውልድ ምክንያት ያንኑ ያደርጋሉ። የአገሩ ስም ተለወጠ እንጂ የተሰበረው በር አንድ ነው።

ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ከ1998 እስከ 2000 በተካሄደው ጦርነት ወቅት ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጆች የሆኑ ኢትዮጵያውያን በብዙ አሥር ሺህዎች ተቆጥረው ከኢትዮጵያ ተባረዋል፤ በኤርትራ ይኖሩ የነበሩ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ቤት ንብረታቸውን ትተው ወጥተዋል። ባልና ሚስት የተለያዩበት፣ ልጆችም የማን እንደሆኑ የተጠየቁበት ቤት ብዙ ነበር።

እንግዲህ በለንደን ወይም በሌላ የአውሮፓ ከተማ በአንድ ክፍል ውስጥ የኢትዮጵያዊ ልጅና የኤርትራዊ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። እያንዳንዱ ከቤቱ የሰማው የወገኑን በደል ብቻ ይሆናል። ይህ መጽሐፍ ለሁለቱም በአንድ ጊዜ መስተዋትም መስኮትም ይሆንላቸዋል። አጠገባቸው ለተቀመጠው እንግሊዛዊ ልጅ ደግሞ፣ ከክፍል ጓደኞቹ ዝምታ በስተጀርባ ምን ሊኖር እንደሚችል የሚያሳይ የመጀመሪያ መስኮት ሊሆን ይችላል።

መጽሐፉን በ2013 በሊድስ ከተማ ለመድረክ ያዘጋጁት ባለቅኔው ለምን ሲሳይ መሆናቸውንም መጥቀስ ይገባል። እርሳቸው በ1967 ከኢትዮጵያዊት እናት በእንግሊዝ አገር ተወልደው ኖርማን በሚል ስም በአሳዳጊ ቤተሰብ፣ ኋላም በልጆች ማሳደጊያ ቤቶች ያደጉ፣ ትክክለኛ ስማቸውንም በወጣትነታቸው ያገኙ ሰው ናቸው። የዓለም ኬሎ ዓይነት ሕይወት ከመጽሐፍ ውጭም እንዳለ እርሳቸው ራሳቸው ምስክር ናቸው።

3. መጽሐፉ ብቻውን አይበቃም

ጥሩ መጽሐፍ ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው። በ2015 የታተመ የሎሪስ ቬዛሊና የባልደረቦቻቸው ጥናት ይህን ለመረዳት ያግዘናል። አጥኚዎቹ በኢጣሊያ 34 የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው ለስድስት ሳምንታት ከሃሪ ፖተር መጻሕፍት የተመረጡ ክፍሎችን አስነበቧቸው። አንደኛው ቡድን ያነበበው ንቀትና መድልዎ የሚታይባቸውን ክፍሎች ነበር፤ ስላነበበውም ተወያየ። ሁለተኛው ከዚህ ጉዳይ ጋር የማይገናኙ ክፍሎችን አነበበ። በመጨረሻ ከአንደኛው ቡድን፣ በተለይ ራሳቸውን ከሃሪ ጋር ያመሳሰሉት ልጆች፣ ወደ አገራቸው ስለመጡ ስደተኞች ያላቸው አመለካከት ተሻሽሎ ተገኘ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ከአቅሙ በላይ አናሸክመውም፤ ሆኖም ለውጡ የታየው ምንባቡ ታስቦበት ተመርጦ ውይይት በተደረገበት ቡድን መሆኑን እናስተውል።

ውይይቱ ግን እንዴት ይመራ? አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ መምህር በቅን ልብ ተነሣሥቶ የዓለም ኬሎን ታሪክ አንብቦ ሲያበቃ ከኋላ ወደተቀመጠች ልጅ ዞሮ «አንቺስ ከዚያው አገር አይደለሽም? እስቲ አንቺን ያጋጠመሽን ንገሪን» ይላታል እንበል። ወዲያውኑ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊታቸውን ወደ እርስዋ ያዞራሉ። ምናልባት ልጅቱ እዚያው ለንደን የተወለደች ናት፤ የወላጆችዋንም አገር አይታ አታውቅም። ምናልባት አባቷን ያጣችው በዚሁ ዓይነት ሁኔታ ነው። ምናልባትም የቤተሰቡ የጥገኝነት ጉዳይ ገና በመታየት ላይ ስለሆነ ወላጆችዋ ስለዚህ ነገር ከቤት ውጭ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ አስጠንቅቀዋታል። መምህሩ ሊያቀርባት ፈልጎ ብቻዋን በአደባባይ አቆማት። እስከዚያች ሰዓት ተማሪ ነበረች፤ አሁን ግን የትምህርት መሣሪያ ሆነች።

በመሆኑም ዋናው ደንብ ይህ ነው፦ ጥያቄው ለባለታሪኩ ይቅረብ እንጂ ለልጁ አይቅረብ። «ዓለም ደብዳቤውን ሲያነብ ምን የተሰማው ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ለሁሉም በር ይከፍታል። በልቧ ብዙ የያዘችው ልጅ ስለ ዓለም በመናገር ስለ ራስዋ መናገር ትችላለች፤ ዝም ማለት ብትፈልግም ማንም አይታዘባትም። የልብ ወለድ ልዩ ኃይሉ ይህ ነው። ባለታሪኩ በወረቀት ላይ ስላለ ቢጠይቁት አያፍርም፤ ቢመረምሩት አይቆስልም።

4. ለመምህራን የሚጠቅሙ ነጥቦች

ሀ) መምህሩ መጽሐፉን ወደ ክፍል ከማምጣቱ በፊት ከዳር እስከ ዳር ያንብበው። በክፍሉ ያሉትን ተማሪዎች አንድ በአንድ በሐሳቡ እያመላለሰ፣ ይህ ምዕራፍ ማንን ሊነካ እንደሚችል ያስብ። ታሪኩ የአንድን ልጅ ሕይወት በጣም የሚመስል ከሆነ፣ ልጁን ወይም ወላጆቹን አስቀድሞ ለብቻ አነጋግሮ ፈቃዳቸውን ይጠይቅ።

ለ) መጽሐፉ በቅድሚያ እንደ ታሪክ ይነበብ። ተማሪው ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ሲጓጓ ሳለ በየገጹ እያቆሙ ምክር ማከል ታሪኩን ይገድለዋል። ባለታሪኩን የወደደ ልጅ ምክሩን ራሱ ያገኘዋል።

ሐ) የጽሑፍ ሥራ ይሰጥ። ለምሳሌ ተማሪዎች ዓለም በአዲሱ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን ሲገባ ከክፍል ጓደኞቹ አንዱ የሚጽፍለትን ደብዳቤ ይጻፉ። መምህሩ ደብዳቤዎቹን ለብቻው ያንብብ፤ ጸሐፊው ካልፈቀደ በቀር በክፍል ፊት አይነበቡ። በአደባባይ የማይናገር ልጅ በወረቀት ላይ ብዙ ይናገራል።

መ) የስም ነገር አይናቅ። «ዓለም» የሚለው ስም ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ለባዕድ ጆሮ ግን ድምፅ ብቻ ነው። መምህሩ የእያንዳንዱን ተማሪ ስም አስተካክሎ መጥራት ይማር። የሚወድ ሁሉ የስሙን ትርጉም ወይም ማን እንዳወጣለት እንዲናገር ዕድል ይስጥ። ይህ ጥያቄ ለሁሉም በእኩል የሚቀርብ ስለሆነ እንግዳውን ልጅ ለይቶ አያወጣውም።

ሠ) አንድ መጽሐፍ ስለ አንድ ሕዝብ ሁሉን ተናገረ አይባል። ስለ አፍሪካ የሚነበበው ሁሉ ጦርነትና ረኃብ ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ የመጣው ልጅ በጓደኞቹ ዘንድ የሚታዘንለት እንጂ የሚከበር አይሆንም። ስለሆነም ከመከራው መጽሐፍ ጎን የሚያስቅ፣ የሚያስደንቅ፣ ተራ የቤተሰብ ኑሮ የሚተርክ ሌላ መጽሐፍ ይቀመጥ።

5. ወደ ራሳችን ክፍል ስንመለስ

እስካሁን የተናገርነው በአመዛኙ የውጭ አገር ትምህርት ቤቶችን ይመለከታል። ነገር ግን በአገራችንም በአንድ ክፍል ውስጥ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ፣ የተለያየ እምነት ያላቸው፣ ሀብታምና ድኻ ልጆች ይቀመጣሉ። በቅርብ ዓመታት በተነሡ ግጭቶችና ጦርነቶች ከቀያቸው ተፈናቅለው በሌላ አካባቢ ትምህርት የጀመሩ ልጆችም አያሌ ናቸው። የዓለም ኬሎ ጥያቄ የእነርሱም ጥያቄ ነው።

አንዳንድ ልብ ወለዶች በቀጥታ ይህን ይነካሉ። በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ አስተማሪ የነበሩት እንግሊዛዊት ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድ በ2003 «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ «የቆሻሻው ንጉሥ» እንደማለት ነው። በእርሱም ማሞ የተባለ ድኻ ልጅና ዳኒ የተባለ የሀብታም ልጅ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በአንድ የጎዳና ልጆች ቡድን ውስጥ ይኖራሉ። በመኪና ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው ልጅ በየዕለቱ በመስኮቱ የሚያየውን የጎዳና ልጅ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በስሙ ያውቀዋል።

በልጅነታቸው በኢትዮጵያ ያደጉት አሜሪካዊት ጄን ከርትዝ በ1998 ባሳተሙት «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» በተባለ ልብ ወለድ ደግሞ፣ ከቅማንት ወገን የሆነች ሣህይና ዓይነ ስውር የሆነች የቤተ እስራኤል ልጅ ራሔል በ1980ዎቹ ወደ ሱዳን በሚሰደዱበት መንገድ ይገናኛሉ። ስለ ሌላው ወገን ከልጅነት ጀምሮ የሰሙት ክፉ ወሬ ይለያያቸዋል፤ የመንገዱ ችግር ግን አንዲቱ ያለ ሌላዪቱ መራመድ እንደማትችል ያስተምራቸዋል።

ሦስተኛው መጽሐፍ ሊንዳ ሱ ፓርክ በ2010 ያሳተሙት «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዎተር» ነው፤ «ወደ ውኃ የተደረገ ረጅም ጉዞ» ልንለው እንችላለን። ሳልቫ ዱት በተባሉ ደቡብ ሱዳናዊ እውነተኛ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው። ሳልቫ በ1985 በ11 ዓመቱ ከጦርነት ሸሽቶ በእግሩ ተጉዞ ወደ ኢትዮጵያ ይገባል፤ በኢታንግ የስደተኞች ሰፈርም ይጠለላል። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ግን ስደተኞቹ በጦር መሣሪያ ተገፍተው የጊሎን ወንዝ እንዲሻገሩ ይደረጋል፤ ብዙዎችም በዚያ ያልቃሉ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እኛ እንግዳ ተቀባዮችም አሳዳጆችም ሆነን እንታያለን። ይህ የማይመች መስተዋት ነው። ይሁን እንጂ በጋምቤላ ወይም በአዲስ አበባ ከደቡብ ሱዳናዊ ልጅ አጠገብ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ማየቱ ይጠቅመዋል እንላለን። ሁልጊዜ ራሱን የተበደለ ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ሌላውን መቀበል ይከብደዋልና።

እነዚህ መጻሕፍት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋቸውም ለትምህርት ቤቶቻችን ቀላል አይደለም። ይህ ግን ሥራውን አያስቀርም። ለሃምሳ ተማሪዎች ሃምሳ ቅጂ አያስፈልግም፤ አንድ ቅጂና ጥሩ አድርጎ የሚያነብ አንድ ሰው ይበቃል። መምህሩ ምዕራፉን በእንግሊዝኛ አንብቦ ፍሬ ነገሩን በተማሪዎቹ ቋንቋ ሊተርክላቸው ይችላል። መጽሐፍ በማይገኝበትም ቦታ ተረት አለ። እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ የሰማውን አንድ ተረት ይዞ እንዲመጣ፣ በመጣበትም ቋንቋ ጥቂት ቃላት እንዲያሰማ ቢደረግ፣ ቋንቋው በክፍሉ ተሰምቶ የማያውቀው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኞቹን የሚያዳምጥ ብቻ ሳይሆን የሚደመጥ ይሆናል።

ወላጆችም ድርሻ አላቸው። ልጁ ያነበበውን ማታ በቤት ሲተርክ «ይህ ደግሞ ምን ይጠቅምሃል?» ከማለት ይልቅ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብለው ቢጠይቁ የክፍሉ ሥራ እቤት ድረስ ይዘልቃል። ስለ ሌላው ወገን በቤት የሚነገረው ቃል መምህሩ በቀን የሠራውን ማታ ሊያፈርስ ወይም ሊያጸና እንደሚችልም አይዘንጉ።

ልብ ወለድ ጦርነትን አያቆምም፤ የተባረረውንም ወደ ቤቱ አይመልስም። ሊያደርግ የሚችለው ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም አዲስ ልጅ በክፍሉ በር ላይ ሲቆም፣ ከተቀመጡት መካከል ቢያንስ አንዱ ያንን በር በመጽሐፍ ውስጥ አስቀድሞ አልፎበት እንዲሆንና ፈቀቅ ብሎ በአግዳሚው ላይ ቦታ እንዲለቅለት ማድረግ ነው። ለገባው ልጅ ግን ይህ ትንሽ አይደለም።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በምናስተምርበት ወይም ልጆቻችን በሚማሩበት ክፍል፣ በሚነበቡት መጻሕፍት ውስጥ ራሱን ፈጽሞ የማያገኝ ልጅ አለን? ማን ነው?

2. ጥያቄን ለባለታሪኩ በማቅረብና ለተማሪው በማቅረብ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ከራሳችሁ ክፍል አንድ ምሳሌ አስቡ።

3. እኛን እንደ ተበዳይ ሳይሆን እንደ በዳይ የሚያሳይ ታሪክ ለልጆቻችን ማስነበብ ይገባናልን? በምን ዕድሜና በምን ዓይነት ጥንቃቄ?

4. መጽሐፍ በሌለበት ትምህርት ቤት ከአካባቢያችሁ የትኞቹን ተረቶችና ታሪኮች ወደ ክፍል ማምጣት ይቻላል? ማንስ ሊተርካቸው ይችላል?